ነጩ ማሽላዬ

ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን የግብርና ባለሙያ ሆኜ አሶሳ ተመድቤ ሳለ፣ እስካሁን የሚያበግነኝን ልንገራችሁ። የተማረ ሰው ስለሆንኩ «ኡስታዝ» ለሚሉኝ ለአንዲት ገበሬ፣ ለእማማ ሐዋ፣ ነጭ ማሽላ ምርጥ ዘር ሰጥቼ «ማሳውን በሙሉ ይህንኑ ይዝሩ» ብዬ ነበር። ለአጨዳ ብመጣ ነጩ ዳር ዳሩን ብቻ ተዘርቶ ወፍ ጨርሶታል። መሀሉን የሳቸው ቀይ ማሽላ ሞልቶታል። ደሜ ፈላ።

«ይህን መራራ ማን ይምረጡ አለዎት?» ብዬ ጮህኩ።

«ወፍ ነው የመረጠው» አሉ ሳይቆጡ። «ታች ቆላው ኩርሙክ ዝናብ ያንሳል፣ ቶሎ የሚደርሰው ተረፈ። እዚህ ወፍ ይበዛል፣ መራራው ተረፈ። እኛ የተረፈውን ዘራን።»

«ታዲያ የኔን ለምን ዘሩት?»

«ወፍ ሲርበው መራራውንም ይሞክራል። ዘንድሮ ዳር ላይ ጠገበ። ለከርሞም አምጣ፣ ኡስታዝ፤ ወፎቹ ወደውታል።»