ታጥፈው የተቀመጡ ቀናት

ሰፈሩ በሙሉ «ሁለት ጣት» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚስም ሆነ ሱሪ በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ሳትተው አትቆርጥም። ደንበኞቿ «ጨርቃችንን ፈጀሽው እኮ!» እያሉ ይቀልዱባታል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ግን ያረገዘችውም የወፈረውም ያንኑ ልብስ በፌስታል ይዞ ይመጣል። እሷም ስፌቱን ትፈታና ታሰፋዋለች።

የወንድሟ ልጅ ሚጣ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን የምትዘረጋው በዚያች ጠባብ ሱቅ፣ በስፌት መኪናውና በካውያው መካከል ነበር። እንዲያም ሆኖ አክስቷ በሃምሳ አራት ዓመቷ «ቦርሳ አዝለን፣ በአውቶብስም በእግርም ብለን ሦስት ድንበር እንሻገርና ባሕር እንይ» ስትላት ቀልድ መሰላት።

ቀልድ አልነበረም። የሚጣ አባት ሠላሳ ዓመት ከአገር አገር የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እሱ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር የሚያወራውን እህቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ከከተማው ወጥታ አታውቅም።

ልብስ የምትለካበትን ቡናማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አራቱን አገሮች በጠመኔ ሣለች። መንገዱን በቀይ ክር፣ ለመፍታት በሚመች ላላ ያለ ስፌት ሰፋችው። ከዚያ በኋላ ዚፕ ሊያስቀይር የገባ መንገደኛም፣ የወንበር ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሾፌርም ሳይጠየቅ አልወጣም። የትኛው በር እግረኛ ያሳልፋል? ቪዛው እዚያው ይመታል ወይስ አስቀድሞ? ሁለት ሰው ያልመሰከረለትን ወሬ ወረቀቱ ላይ አታሰፍርም። ከወንድሟ አሮጌ የመኪና ሸራ ደግሞ ሁለት የጀርባ ቦርሳ ሰፋች።

በየድንበሩ ላይ ሁለት ሁለት ቀን ትርፍ ተወች።

አዲስ ሥራ ልትጀምር ሃያ አራት ቀን ብቻ የቀራት ሚጣ ይሄን ስታይ ትርፎቹን በጣቷ ቆጠረች። «እቴቴ፣ ስድስት ቀን እኮ በከንቱ ሊባክን ነው! ባሕሩ ዳር ብንቆይበት አይሻልም?»

«አይባክንም የኔ ልጅ። ታጥፎ ይቀመጣል።»

የቀረው አባቷ ነበር። እሱ ካልፈቀደ ሚጣ አትሄድም፤ አክስቷም ብቻዋን ለመሄድ ልብ አይኖራትም። እሁድ ከሰዓት ሱቅ መጣና መነጽሩን እየወለወለ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ።

«ልጄን ይዘሽ የምትሄጂው በዚህ ብጫቂ ነው?»

«አንተ በምን ነበር የምትሄደው፣ ወንድም ጋሼ?»

«እኔማ ዐሥር ጎማ ነበረኝ!»

ሚጣ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግን አልሳቀም። ጣቱን ቀዩ ክር ላይ አድርጎ ተከተለው። የመጀመሪያውን ድንበር አለፈ። ሁለተኛውንም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«እዚህ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?»

«አውቶብሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያደርሰናል። በሩ የሚዘጋው አንድ ሰዓት ነው።»

«አዎ፣ ሁለቱም በር አንድ ሰዓት ይዘጋል። የወዲያኛው አገር ሰዓት ግን በአንድ ሰዓት ይቀድማል! እዚህ የመውጫ ማኅተም አስመትታችሁ ስትሻገሩ እዚያ ዘግተው ሄደዋል። ወደ ኋላ መመለስ የለ፣ ወደ ፊት መግባት የለ። እኔ መሐል ላይ አድሬያለሁ፤ ጋቢና ነበረኝ። ልጄ የት ልትተኛ ነው?»

ሚጣ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። እሷ ብትሆን ሰበብ ትደረድር፣ እንዲህ ያሉኝ ሾፌሮች ናቸው ትል ነበር። አክስቷ ግን ከአንገቷ የተንጠለጠለውን ሜትር አስተካከለችና፣

«ይህን አላውቅም ነበር። እንኳን ነገርከኝ» አለች።

መቀሷን አንስታ ሦስተኛው ድንበር ላይ ያለውን ስፌት ፈታችው። ምንም አልቸኮለችም። ክሩን ከድንበሩ ወዲህ ባለችው ትንሽ ከተማ አዙራ «እዚህ እናድራለን። ጠዋት እንሻገራለን» እያለች እንደገና ሰፋችው።

«አንድ ቀን በላብሽ» አለ አባቷ። «የመጨረሻው ቪዛ ደግሞ የሚቆጠረው ከምትገቡበት ሳይሆን ከተመታበት ቀን ጀምሮ ነው። አይቃጠልብሽም?»

«ከሁለቱ ትርፍ አንዱን ነው የበላነው። አንዱ አለ።»

አባቷ ራሱ ቆጠረ። አንዴ ቆጥሮ አልበቃውም፣ ደገመው። ሚጣም በልቧ አብራው ቆጠረች፤ ያ በከንቱ ይባክናል ያለችው ቀን እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ትናንት የተናገረችው ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ፤ አክስቷ ግን ወደ እሷ አላየችም፤ ክሩን ትቋጥር ነበር።

አባቷ ቀና አለ። ጥግ ላይ ከተሰቀሉት ቦርሳዎች አነስ ያለውን አውርዶ የሚጣ ጀርባ ላይ አደረገው፤ ዞር አድርጎም አያት። የገዛ መኪናውን ሸራ በመዳፉ ዳበሰው።

«ማንገቻው ረዝሞባታል» አለ። «አሳጥሪላት እንጂ፤ እንዲህ ሆና መንገድ አትወጣም።»

ሚጣ መፍቀዱ ገባት። አክስቷ መርፌውን አፏ ላይ እንደያዘች ፈገግ አለች።

«አሳጥረዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ትርፉን ግን አልቆርጠውም፤ አጥፌ እሰፋዋለሁ።»