የጥለት ስብሰባው በረኛ

በረኛ ሆኜ የተሾምኩት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ስሸጥ ፀጉሬ ሸብቷል። ያን ቀን የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ላፕቶፕ አቅፈው ሱቄ ገቡና፣ «ዘሀራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሆስት አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«ሆስት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ሲመጣ የምታስገቢ።»

«እሱንማ ስንት ዓመት ሙሉ ሠርቼዋለሁ» አልኳቸው። ሹመቱ በዚሁ አለቀ። ደሞዝ የለው፣ ወንበር የለው።

ማኅበራችን የሸማኔዎችና የነጋዴዎች ነው። በዓልና ሠርግ ሲቃረብ ሸማኔዎቹ አዲስ ጥለት ያሳያሉ፤ እኛና ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች አይተን እናዛለን። ድሮ ፎቶ እንልክ ነበር። ደንበኛ ግን «ቀለሙ እንደ ፎቶው አይደለም» እያለ ሲመልስብን በኦንላይን ስብሰባ ፊት ለፊት ማሳየት ጀመርን። ሊንኩን አቶ ደምሴ በስልክ ግሩፓችን ላይ ይለጥፉታል፣ ሰው ይገባል፣ በቃ።

በመጀመሪያው ቀን የመጣውን ሁሉ አስገባሁ። እንግዳ ደጅ ማቆም ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ስምንት ሰው ስንጠብቅ ስክሪኑ ሞልቶ ወደ ሁለተኛ ገጽ ዞረ። ስማቸው «የእቴቴ ስልክ»፣ «ቤቢ»፣ አንዱ ደግሞ ነጥብ ብቻ። አንዷ ማይኳን ከፍታ ሽንኩርት ታቁላላለች። አንዲት ትልቅ ሴት ዘግይተው ገቡና፣ ሁላችንንም ነጠላ ለብሰን ተደርድረን ሲያዩ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ማን ነው ያረፈው?» አሉ። የተላከላቸው ሊንክ ብቻ ነበር፤ የምን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ያን ቀን ካሳዩት አንዱ ጋሽ አልታዬ ነበሩ። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ ነው የሽመና ቤታቸው። ከውጭ የሚያዙን ትልልቆቹ ደንበኞች የሚመጡት ለእሳቸው እጅ ነው፤ እኛ የምንከተል ነን። አመድማ መደብ ላይ አረንጓዴ የሚፈስበት ጥለት ዘረጉ። ፊቱ የማይታይ አንድ ሰው፣ «ትንሽ ወደ ካሜራው ቀረብ ያድርጉት» አለ። አቀረቡለት። ደግ ሰው ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አልታዬ ሱቄ መጡ። በፌስታል የያዙትን አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። የራሳቸው ጥለት ነው፣ ግን ፖሊስተር ላይ የታተመ። ከታች ገበያው ውስጥ እንደ ሻሽ ተሰቅሎ አግኝተውት ነው የገዙት።

«የአታሚው እጅ ፈጣን ነው» አሉ። «እኔ ድሩን እንኳ ሳልጨርስ እሱ ጥቅሉን ሸጧል።»

ጨርቁን አገላብጬ አየሁት። ህትመቱም ቆንጆ ነው፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

«ለጥር ሠርግ የሠራሁት አለ» አሉ። «ለእናንተ ግን አላሳይም። መርካቶ አንድ ሰው ሲጠይቀኝ ከርሟል፤ ወደ እሱ እሄዳለሁ።»

እሳቸው ከሄዱ ደንበኞቹም እንደሚከተሏቸው እኔም አቶ ደምሴም እናውቃለን። «አንድ ስብሰባ ብቻ ይስጡኝ» አልኩ።

«አንድ» አሉና ወጡ።

ሊንኩ በማን በኩል እንደወጣ ማጣራት ያዝኩ። ሌባ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ይሉኝታ ነው። አንዷ ነጋዴ ለእህቷ ልካለች፣ ቅር እንዳይላት። እህቷ ለእድሯ ሴቶች ልካለች፣ እንዳይቀሩባት። በመጨረሻ ደላላው ፋንታሁን ጋ ደረስኩ። ሱቅ ለሱቅ ገዢ የሚያዞር፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ለስንት ሰው ላክኸው?»

«ለሚገዛ ሁሉ! ዘሀራ፣ ሱቅሽ ሰው ሳመጣ ታመሰግኚኝ የለ እንዴ?»

«ፊቱን ሳያሳይ ‹ቀረብ ያድርጉት› ያለው የህትመት ቤት ሰው ነበር።»

«እሱም ገዢ መስሎኝ!» አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «እንዲያውም ያን ቀን ላመጣኋቸው ኮሚሽን አልሰጣችሁኝም» አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ሳያፍር ነው የጠየቀኝ።

ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ኮምፒውተር የምታስተምር ሴት አለች። ላፕቶፑን ይዤላት ሄድኩ። ሰው ከመግባቱ በፊት የሚቆይበት መጠበቂያ እንዳለ አሳየችኝ። ሁሉም ከገባ በኋላ ስብሰባው እንደሚቆለፍም። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የራሱ ሊንክ ይወጣል፤ በእሱ ሊንክ ሌላ ሰው ከመጣ የማን እንደሆነ ይታያል።

ተመልሼ ማኅበሩን ሰበሰብኩ፣ በአካል። «ሊንክ በግሩፕ አይለጠፍም፤ እኔ ለየብቻ እልካለሁ። በትክክለኛ ስማችሁ ግቡ፣ ፊታችሁን አሳዩና ሰላም በሉኝ። ሰው መጨመር የፈለገ ቀድሞ ይንገረኝ፣ ጋሽ አልታዬን ጠይቄ እመልሳለሁ። ስክሪኑን በሌላ ስልክ የሚያነሳውን ማስቆም አልችልም። ማን እንዳየ ግን አውቃለሁ።»

«ይሄማ ኤምባሲ ሆነ!» አሉ አቶ ደምሴ።

«ቪዛው በነፃ ነው» አልኳቸው።

ደላላው ፋንታሁንም መጥቶ ነበር፤ ሁለት ሰው ላስገባ ብሎ ለመነ፤ ስማቸውን ስጠይቀው አያውቀውም። ከለከልኩት። ቤቱ ሳቀ፣ አቶ ደምሴም ሳቁ።

የስብሰባው ቀን መብራት ጠፋ። በስልኬ ኢንተርኔት ነው የከፈትነው። ጋሽ አልታዬ ሱቄ ውስጥ አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሥራቸው በነጠላ ተቋጥሮ ጉልበታቸው ላይ ነው። አንድ በአንድ አስገባሁ። «ማን ነሽ? ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና?» እያልኩ። ሰላምታው ራሱ ጊዜ ይፈጃል፣ የማላውቀው ሰው ግን እዚያ ላይ ይያዛል።

ሁሉም ገብተው ልቆልፍ ስል መጠበቂያው ላይ አንድ ሰው መጣ። ስሙ «እንግዳ» ይላል። የመጣበት ሊንክ የአቶ ደምሴ ነው። እሳቸው ደግሞ በዚያው ሊንክ ቀድመው ገብተዋል። ወዲያው ደወሉልኝ።

«ዘሀራ፣ የልጄ አማች ደጅ ቆሟል እኮ!»

«ስሙ ማን ነው?»

«ትልቅ ሰው ነው!»

«ትልቅነቱን አልጠየቅኩም አቶ ደምሴ፤ ስሙን ነው።»

«ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፣ ለቤተሰቡ በሙሉ ሊያዝ ነው። እባክሽ ዛሬ አታሳፍሪኝ!»

ድምፃቸው ጎላ ያለ ነው፤ ጋሽ አልታዬ ሁሉንም ሰምተዋል። ፈታ አድርገውት የነበረውን ቋጠሮ መልሰው ጠበቅ አደረጉት።

«ፋንታሁንን ስከለክለው እርስዎም ነበሩ» አልኳቸው። «ስቀዋልም።»

«እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ!»

«አዎ፤ እርስዎን ካሳለፍኩ ነገ ማንን አቆማለሁ?»

ለእንግዳው፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ነገ ሱቅ ቢመጡ በደስታ አስተናግድዎታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ቆለፍኩ። አቶ ደምሴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ካሜራቸውንም አጠፉ። ስብሰባው እስኪያልቅ ያች ጥቁር አራት ማዕዘን ስታኮርፍ አመሸች።

ጋሽ አልታዬ ቋጠሮውን ፈቱ። ወይን ጠጅ መደብ፣ በላዩ ላይ ቀጭን ወርቃማ ክር እየተቆራረጠ የሚወርድበት፣ ዝናብ በመስኮት ሲታይ ዓይነት። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ነካካሁት። ከዚያ ስዊድን ያለችው ደንበኛችን «ውይ!» አለች፤ ሁሉም ባንድ ላይ ማዘዝ ጀመሩ።

በማግስቱ እንግዳው ከሚስቱ ጋር መጣ። «ያቆምሽኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ። «እኔ ነኝ፣ ይግቡ» አልኩት። ለሁሉም ዘመዶቹ አዘዘ። አቶ ደምሴ ከኋላው ቆመው፣ «ትልቅ ሰው ነው አላልኩሽም?» አሉኝ። ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ።

ያ ጥለት ሙሽሮቹ ለብሰውት እስኪወጡ ድረስ ገበያ ላይ አልታየም። ከሠርጉ በኋላ ግን ታየ። አንዴ የተለበሰን ልብስ ማን ይደብቃል? ጋሽ አልታዬም አልተናደዱም፤ ያኔ ቀጣዩን ጀምረዋል። መርካቶ አልሄዱም።

አሁን አዲስ የሚገቡ ነጋዴዎች ሊንክ እንዴት እንደሚጠበቅ ይጠይቁኛል። የምላቸው ይሄን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ላኩ፣ የማታውቁትን ስም አታስገቡ፣ ከጀመራችሁ በኋላ ቆልፉ። አንዱን ዘመድ አስገብታችሁ ሌላውን ከመለሳችሁ ለዘላለም ይቀየማችኋል። ሁሉንም ከመለሳችሁ ትንሽ አኩርፈው ይመጣሉ።