ስለ ቂጥኝ ስንጠይቅ እስከ ባኮ

በኅዳር፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከልጄ ከአስቴር ጋር ከአምቦ አውቶቡስ ተራ ተነሣን። አስቴር ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ቂጥኝ በዝቷል ተብሎ፣ ያገቡ ሰዎች ከትዳራቸው ውጭ ከማን ጋር እንደሚተኙ እየጠየቀች ወረቀት እንድትሞላ ታዘዘች። ያላገባች ልጅ ይህን ይዛ ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተከተልኳት።

ለሰው ያልነገርኩት ሌላ ፍርሃትም ነበረኝ። አስቴር፣ በሽታው ያለባት እናት ልጇ ሞቶ ሊወለድ ይችላል ስትል ሰምቻታለሁ። ከአስቴር በኋላ ሁለት ሞተው ተወልደውብኛል። አባቷ ደግሞ በየከተማው የሚያድር የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

ጉደር

ገበያው ዳር በሃያ አምስት ሳንቲም ሽሮ በላን። አንድ ሽማግሌ ጥያቄውን ሰምተው፣ "አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ አባትሽን ጠይቀሽዋል?" አሏት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሒሳቡን ከፍዬ ተነሣሁ።

ጌዶ

ዳገቱን አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ቆሞ ውሃ እየተጨመረለት ወጣው። ብርዱ አጥንት ይገባል። የጌዶ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ አስቴርም መጠየቅ ጀመረች።

"ወንድ የማታውቅ ልጅ ይህን ስትጠይቀኝ አላፍርም?" አለች አንዷ በኦሮምኛ። "እናቷ ትጠይቀን!"

አስቴር ወረቀቱን ሰጠችኝ። ፊደል የለየሁት እሷ ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፣ ወደ ኦሮምኛም መለስኩት። ሴቶቹ ለእኔ መለሱ፤ አስቴር ጀርባዋን ሰጥታን ጻፈች።

ባኮ

ቆላ ነው፤ በቆሎ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ይዘውታል። አንዲት ጠላ ሻጭ ሁሉንም ሳታፍር ነገረችኝ። ስም አይጻፍም ስለተባለ እኔም አልጽፈውም።

ስጨርስ፣ "አዴ፣ እትዬ፣ እኔ ተናገርኩ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው። ሰውዬሽ ምን ይሠራል?" አለችኝ።

"ሾፌር ነው።"

"ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ! ተመርምረሻል ታዲያ?"

የአስቴር እስክሪብቶ ቆመ። ዋሽቼ ላልፍ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። "ሁለት ሞተውብኛል። ፈርቼ ነው ያልሄድኩት" አልኩ።

ልጄ ዞራ አየችኝ። "እማዬ፣ በመርፌ ይድናል እኮ።"

"መርፌውን መች ፈራሁ? አባትሽን መጠየቁን ነው እንጂ።"

"አገር ሙሉ ጠይቀሽ ባልሽን ፈራሽ?" ብላ ሳቀችብኝ ሴትዮዋ።

አምቦ

ሐሙስ ከሰዓት ገባን። የአስቴር አባት ደጅ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። ጓዜን ሳላወርድ፣ ልክ በወረቀቱ እንዳለው ጠየቅሁት፦ "ከትዳርህ ውጭ ከሴት ጋር ተኝተህ ታውቃለህ?"

ውሃው ውስጥ እያየ፣ "አውቃለሁ" አለ።

አለቀስኩ። እሱም እግሩን ሳያደርቅ ተነሥቶ ጓዜን ተቀበለኝ።

መንገዱ ያስተማረኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ጥያቄ ተጠይቆ የሚያልፍ መሆኑን ነው። ነገ ጠዋት ሁለታችንም ለምርመራ ደም ልንሰጥ ነው። ውጤቱን እፈራለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ብቻዬን አልፈራም።