መሀል ላይ ማን አለ?

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ እጄ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ያለች፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረች ክፍል ናት። ቡናው ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ የጆንያው ሽታ ግን አልወጣም። ወለሉ አፈር ነው፤ ግድግዳው ከቦንጋ ዝናብ የተረፈውን ሁሉ ጠጥቷል።

ከትምህርት ቤት ያመጡን ሁለታችንን ነው፤ እኔንና ቻርቴን። እኔን አንደኛው ፖሊስ በክንዴ ይዞ ይጎትተኛል፤ ቻርቱን ሌላኛው ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎታል። መንገድ ላይ ዝናብ ሲጀምር ኮቱን አውልቆ ያለበሰው ቻርቱን ነው።

ክፍሉ ውስጥ ዋጫ ከሚባል አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የመሸበት እንግዳ ቤታቸው አሳድረው፣ እንግዳው የተቃዋሚ ዕጩ ሆኖ ተገኘ። “እንግዳን ማን ነህ ብለህ ታስገባለህ እንጂ የየትኛው ፓርቲ ነህ ትላለህ?” አሉኝ። ከዚያ የኔን ጠየቁ።

“አንተስ በምን ገባህ?”

“በሁለት ክብ፣ አባቴ።”

ትንሽ አዩኝና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ጭንቅላትህን መትተውሃል?”

አልመቱኝም። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስለ ስብስቦች ሳስተምር በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሁለት የተደራረቡ ክቦች ሥዬ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ቻርቱ እሱ ነው። በአንደኛው ክብ ቡና የሚሸጡ ቤተሰቦች፣ በሁለተኛው ማር የሚሸጡ። ክቦቹ የተደራረቡበት መሀል ደግሞ ሁለቱንም የሚሸጡ። ክቦቹን ያሰመርኩት ከጎረቤቴና ጓደኛዬ ከባዮሎጂ መምህሩ ቤት በተዋስኩት ትሪ ነው። ምርጫው ካለፈ ብዙም አልቆየም ነበር፤ በዚያ ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተለጠፈ ሁሉ ይመረመራል።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ቻርቱን ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቶታል።

“መምህር፣ ይሄኛው ህዋስ የማን ነው?”

“ህዋስ አይደለም ጌታዬ። ቡና የሚሸጡ ቤተሰቦች ናቸው።”

“ያኛውስ?”

“ማር የሚሸጡ።”

“እሺ። ቡና ብላችሁ የምትጠሩት ማንን ነው?”

“ቡናን ነው።”

አልፈረድኩበትም። ሰውየው ከወጣትነቱ ጀምሮ የሠለጠነው በካድሬ ትምህርት ነው። እዚያ ሰው በህዋስ ይደራጃል፣ አንድ ሰው ያለው በአንድ ህዋስ ነው፣ በሁለት ህዋስ ውስጥ የሚገኝ ሰው ካለ መልእክት አቀባይ ብቻ ነው። ይህንን ለሚያውቅ ዓይን የኔ ቻርት ያለቀለት ማስረጃ ነበር።

“ሁለቱን የከበበው አራት ማዕዘንስ?”

“ሁሉንም የያዘው ነው። የአካባቢው ቤተሰብ በሙሉ።”

“የበላይ አካል” ብሎ ጻፈ። ጥግ ላይ ወዳለችው ትንሽ ክብ ጠቆመ። “ይቺስ?”

“ባዶ ስብስብ ናት። ድንች ከዛፍ ላይ የሚለቅሙ ቤተሰቦች። ማንም የለባትም።”

“መቼ ነው የለቀቁት?”

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “መሀል ላይ ያለውን እናውቀዋለን። የባዮሎጂ መምህሩ ነው። ስሙን በእጅህ እዚያ መሀሉ ላይ ጻፍና ዛሬ እናትህ ቤት እደር። ከምሳ በኋላ እስክንገናኝ አስብበት።”

ሳቄ እዚያው ቀረ። ጓደኛዬ በምርጫው ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኖ ነበር። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። ጀግና ነበርኩ አልልም፤ ፈራሁ። ቤቴ መግባት እንዲህ አምሮኝ አያውቅም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ምን እንደተባልኩ ጠየቁኝ። በክብሪት እንጨት አፈሩ ላይ ክቦቹን ሥዬ አስረዳኋቸው። ከተማሪዎቼ ፈጥነው ገባቸው።

“እኔ ቡናም አለኝ፣ ቀፎም አለኝ። ታዲያ እኔም መሀል ነኝ?”

“ነዎት።”

“ለነሱ እንዳትነግራቸው” አሉና በእግራቸው አጠፉት።

መሀሉ ላይ ስም ጻፍ መባሌን ስነግራቸው መላ መጣላቸው። “የሞተ ሰው ስም ስጣቸው። ሙትን ምን ያደርጉታል?”

“ልጆች ይኖሩታል፣ አባቴ።”

“እውነትህን ነው” አሉ። “ለልጆቹ ይመጣሉ።”

ያመጡላቸውን ቆጮ አካፈሉኝ።

ከምሳ በኋላ መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝና ቻርቱ ፊት አቆመኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ልክ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ቀረብኩት። ቀስ ብዬ፣ በትልልቁ ጻፍኩ።

መጥቶ አነበበ። “ይሄ ያንተ ስም ነው።”

“አዎ። እናቴ ሺሺንዳ ገበያ ቡናም ማርም ትሸጣለች። እኛ መሀል ላይ ነን።”

“ጓደኛህስ?”

“እሱ ደሞዝተኛ ነው። ቡናውን ይገዛል፣ ማሩን እኔ ቤት መጥቶ ይልሳል። ከሁለቱም ክብ ውጭ ነው።”

ቻርቱን ትኩር ብሎ አየው። ለአፍታ የገባው መሰለኝ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና “እንግዲህ አምነሃል” አለኝ።

“አምኛለሁ፣ ጌታዬ።”

ቡና ለቀማ እስኪደርስ እዚያው ከረምኩ። ክስ አልተነበበልኝም። ሽማግሌው ቀድመውኝ ወጡ። ወደ ጓደኛዬ ቤት ማንም አልሄደም፤ ሚስቱ ስትወልድ አጠገቧ ነበር።

ዛሬ ጓደኛዬ የሚኖረው ደካ በሚባል ቦታ ነው። ቦንጋ ሲመጣ እኔ ዘንድ ያድራል። ያን ቀን በጣቢያው ስሙ መነሳቱን እስካሁን አያውቅም። እንግዳ በተሰበሰበ ቁጥር ወደ እኔ ይጠቁምና “ይሄ ሰውዬ እኮ የታሰረው በሁለት ክብ ነው! እንደኔ ስለ እንቁራሪት ቢያስተምር ማን ይነካው ነበር?” ይላል። ቤቱ በሳቅ ያልቃል። እኔም እስቃለሁ።

ልንገረው ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ አለ። ግን ካወቀ ሰላም ሲለኝ አጎንብሶ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜው ለኔ ሊያጎነብስልኝ ነው። ጓደኛዬ እንዲያሾፍብኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በመጣ ቁጥር እሱ ያንኑ ቀልድ ያወራል፣ እኔም ከእንግዶቹ ሁሉ አስቀድሜ እስቃለሁ።