የኔታን ማን ይጻፋቸው

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ላይ አንድ ስብሰባ ተጠራሁ። የመንግሥት ሥራ ለቅቄ ከተመለስሁ ወዲህ ለስብሰባ የሚፈልገኝ አልነበረምና አዲሱን ሻሼን አስሬ ከሰዓቱ ቀድሜ ደረስሁ። አንድ ትሑት ወጣት የከተማውን የመንገድ ዕቅድ አነበበልን። «አካል ጉዳተኞችን ያካተተ» የሚለው ሐረግ በየገጹ አለ። ደስ አለኝ። ከዕቅዱ ጋር የተያያዘውን የስም ዝርዝር ሳይ ግን ሐሳቤ ከአዳራሹ ወጥቶ ቢቸና ገባ፤ ወሩ ሰኔ፣ መንገዱ ጭቃ፣ እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ።

ከሞጣ ወጥቼ ቢቸና የተመደብሁት በዕቅድ ባለሙያነት ነበር። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ የማውቀው በማስመሪያ ሠንጠረዥ ማስመር ብቻ ነው፤ የሙከራ ጊዜዬንም ገና አልጨረስሁም። አከራዬ ጠዋት ጠዋት ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ ይሰጡኛል። እሱን በልቼ ጭቃውን እያንቦጫረቅሁ ቢሮ እገባለሁ። የዚያን ጊዜ የቢቸና ጭቃ ጫማ ያስቀር ነበር፤ አንዱን እግሬን ሳወጣ ሌላው ይያዛል። ስንቱን ቀን ረግሜዋለሁ! አሁን ግን ያ ጭቃ እንኳ ይናፍቀኛል።

በዚያ ዓመት አዲስ መንገድ ወጥቶ ነበር። ከመንገዱ ጎን ጥልቅ የውሃ ቦይ ተቆፍሮ ሳይከደን ቀረ። ቦዩ የሚያልፈው በቅኔ ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ነው። የቅኔ ቤቱ መምህር፣ ሰው ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በዘንጋቸው ብቻ እየተመሩ በተመላለሱበት መንገድ ግንቦት ላይ ቦዩ ውስጥ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ ቦዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ሁለተኛ ቢወድቁ እንደማይተርፉ ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊያችን ግን ቁርጡን ነግሮናል፤ በቀበሌው የአካል ጉዳተኞች መዝገብ ላይ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ካልተጻፈ የቦይ መክደኛ በዕቅድ አይያዝም። መዝገቡ የሚዘጋው ዓርብ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የቀበሌው መዝጋቢ ጋሼ ታደገ ዘንድ ሄድሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ሰው ነበሩ። መዝገቡን ስገልጥ አራት ስም ብቻ አለ፤ አራቱም እዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየለመኑ የሚያድሩ፣ ቦዩን የማይሻገሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ የኔታስ?» አልሁ።

«የኔታ ምን ሆኑ?»

«ዓይናቸው አያይም እኮ!»

«በስመ አብ! እኒያን የመሰሉ ሊቅ ከለማኝ ጋር ልጻፋቸው? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እግሩ የማይታዘዝለት ልብስ ሰፊውስ?»

«እሱ ቤቱን የሚያስተዳድር ጨዋ ሰው ነው። ምኑ ነው ጉዳተኛ?»

ተናደድሁም፣ ሳቄም መጣ። ጋሼ ታደገ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰዎቹን ያስቀሯቸው አክብረው ነው። እዚያ መዝገብ ላይ ለመግባት መጀመሪያ ለማኝ መሆን ያስፈልግ ነበር። «የኔታ ራሳቸው ቢፈቅዱስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እስቲ ደፍረሽ ጠይቂያቸው» አሉኝ።

የኔታ ከጎጇቸው ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አገኘኋቸው። ሰዓዳ እባላለሁ፣ የሞጣ ልጅ ነኝ ስላቸው ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ቆሎ ሃይማኖት የለውም፤ ቃሚ» አሉኝ። ገብሱ ከሽምብራ ጋር የተቀላቀለ፣ ገና ትኩስ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እንዳይቆጡ ፈርቼ ቶሎ ጨመርሁ።

«ጋሼ ታደገ ነውር ነው ብለው ነው፣ የኔታ።»

«ነውሩ የማን ነው? ቆፍሮ የተወው ሰው ነው ወይስ የወደቅሁት የእኔ?» ብለው ሳቁ። «ጻፊኝ እንጂ። አለማየቴን አገር ያውቀዋል፤ ያልሰማው ወረቀቱ ብቻ ነው።»

ስማቸውን በማስታወሻዬ ጽፌ ልነሣ ስል፣ «አንቺንስ ጽፈውሻል?» አሉኝ።

«እኔን?»

«ከመጣሽ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርሽ። ተማሪዎቹ በግራሽ በኩል ሰላም ሲሉሽም አልመለስሽላቸውም። ግራ ጆሮሽ አይሰማም መሰለኝ።»

የያዝሁትን ቆሎ ሰፌዱ ላይ መለስሁት። በሰባት ዓመቴ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ የግራ ጆሮዬ ጨርሶ ደንቁሯል። የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም «ለአባትሽ እንኳ እንዳትነግሪ፣ ባል ታጫለሽ» ብላ አስምላኛለች። ቢቸና ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ከሥራ የሚያባርሩኝ እየመሰለኝ፣ ሰው ሁሉ በቀኜ የሚሆንበትን ወንበር እየመረጥሁ ስቀመጥ ከረምሁ።

«ማንም አያውቅም፣ የኔታ» አልሁ። እንባዬ መጣ።

«እንደ ወደድሽ፣ ልጄ። እኔ ግን ብቻዬን ከምጻፍ ጓደኛ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ቀበሌው ተመልሼ የየኔታን ስም መዝገቡ ላይ አሰፈርሁ፤ ከሥሩም ስሜን ጻፍሁ። ጋሼ ታደገ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይህቺ ሰዓዳ ማናት?»

«እኔ ነኝ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም።»

እኔንም መዝገቡንም አዩ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ልብስ ሰፊውን ጻፉ። ቀጥለው የአንዲት ሴት ስም ጻፉ።

«እኅቴ ናት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከተወለደች ጀምሮ አትሄድም። እኔ ቤት ናት።»

ያን ያህል ጊዜ ስንገናኝ እኅት እንዳለቻቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

ቦዩ በሐምሌ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከደነ። ድንጋዩ ስላለቀ እስከ ገበያው አልደረሰም፤ የየኔታን መንገድ ግን ሸፈነ። ከሥራም ያባረረኝ የለም። ኃላፊያችን «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪንም ነበር?» ብሎኝ አለፈ። ስፈራው የኖርሁት ነገር ይኸው ነበር።

የኔታ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ ሰርግም ሆነ ልቅሶ ቤት ስገባ «በቀኜ ተቀመጡልኝ» ማለት አያሳፍረኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አባቴ የሞተው ሥራ ሳልይዝ፣ ስለ ጆሮዬም ሳልነግረው ነው። ልጅ ሆኜ ከሞጣ ገበያ ወደ ቤት ስንመለስ ሁልጊዜ በግራዬ እየሄደ፣ ትከሻዬን ይዞ፣ እየሳቀ ብዙ ያወራኝ ነበር። እኔም እንደሰማ ሰው ራሴን እነቀንቅለት ነበር። ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም።