ከጃንሆይ ጀርባ የነበረው ታኬታ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ አብዲ አየር ጤና ካለው ማተሚያ ቤት አንድ የእግር ኳስ ደጋፊዎች መጽሔት ይዞልኝ መጣ። ገና ከማሽን መውጣቱ ስለነበር ቀለሙ ይሸታል። «እማማ ነጂማ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ አንድ ቃል ሳላነብ ሽፋኑን ገለጥኩና ወደ መስኮቱ አነሣሁት። በብርሃኑ ውስጥ አገላብጬ አየሁት። ምንም የለበትም። ልጁ ሳቀብኝ። «የብር ኖት መሰለዎት እንዴ? ሐሰተኛ እንዳይሆን ነው?» አለ።

ሳቁ አላስቀየመኝም። የዛሬ ልጅ ወረቀት ምን ያህል ሊቀጥን እንደሚችል፣ ቀጭን ወረቀትም ሰውን የት ድረስ ሊወስደው እንደሚችል ከየት ያውቃል? ሻይ ቀዳሁለትና ታሪኩን አወራሁት። እሱ ከሄደ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። ኮልፌ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሙክታርና እኔ። አባታችን ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እሱ ሲሞት ሱቁም አብሮት ሄደና ቤታችን በሙክታር የአስተማሪነት ደመወዝ ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ለአንሶላና ለትራስ ልብስ የጥልፍ ንድፍ እሥል ነበር። ንድፉን ወረቀት ላይ አወጣና የመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፌ፣ ጨርቁን ከላዩ ዘርግቼ በእርሳስ እገለብጠዋለሁ። በዚያ ዘመን የሰፈራችን ሙሽራ ሁሉ የተኛችው እኔ በሣልኩት ጽጌረዳ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሙክታር ኳስ ያበደ ሰው ነበር። መጫወቱን አይችልበትም፤ እግሩ የእንጨት ነው። መደገፉን ግን የሚስተካከለው አልነበረም። የሰፈራችን ቡድን ስሙ ነጎድጓድ ይባላል። ነጎድጓድ የሚያሰኘው ነገር ቢኖር ግብ በገባበት ቁጥር ደጋፊው የሚያሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሙክታር ከትምህርት ቤት መጣና «መጽሔት እናዘጋጃለን፤ አንቺ ትሥያለሽ» አለኝ። የትምህርት ቤቱን ማባዣ ማሽን እንዲጠቀም ዳይሬክተሩ ፈቅደውለታል። ለኃላፊነቱ ግን ስሙ ከነአባቱ መጽሔቱ ላይ እንዲጻፍ አዘዋል። ሙክታር ይህን እንደ ሹመት ቆጥሮት ነበር።

የማባዣውን ሥራ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ስቴንስል የሚባል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት አለ። ጽሑፉ በታይፕ ይመታበታል፤ ሥዕሉ ደግሞ በሹል ብረት ይጫርበታል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ተጠምጥሞ ሲዞር ቀለሙ በጭረቱ ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ትንሽ ከጠነከሩበት ይቀደዳል፣ ከላሉበት ደግሞ አይወጣም። ለእኔ ከጥልፍ ንድፍ ብዙ አልራቀብኝም፤ እንዲያውም መርፌ ስለሌለው ደስ አለኝ።

ከሥዕሉ ይልቅ ያስቸገረን ማስታወቂያው ነው። ሙክታርና እኔ ከሱቅ ሱቅ ዞርን። ዳቦ ጋጋሪው ሥዕሉን ሳሳየው «ዳቦው ተለቅ ይበል» አለ። ልብስ ሰፊው ሙሉ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ራሱን ካልመሰለ ብሎ ሙግት ገጠመን፤ ሱፍ ለብሶ ግን አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። ትልቁ ማስታወቂያ የጫማ ሠሪው የጋሽ ሰብስቤ ነበር። እሳቸው በገንዘብ ፈንታ ለበረኛችን ታኬታ ሊሰፉለት ተስማሙ። በረኛችን እስከዚያ ድረስ የሚጫወተው በተቀደደ ሸራ ጫማ ስለነበር ይህ ለቡድኑ ትልቅ ነገር ነው።

«የኔ ማስታወቂያ የት ላይ ነው የሚገባው?» አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ ቆዳ እየሰፉ።

«መሀል ላይ ነው ጋሽ ሰብስቤ፣ ከተጫዋቾቹ ስም ጎን» አለ ሙክታር።

«ተጫዋችማ ነገ ይባረራል። ጃንሆይ የት ናቸው?»

«እሳቸውማ ሽፋኑ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ከሳቸው ቀጥሎ አድርገኝ። እኔ እዚህ ሰፈር ስንት ዓመቴ ነው? ከዳቦ ጋጋሪ ጋር ልጋፋ እንዴ?»

ያን ጊዜ የሚታተም ነገር ሁሉ የጃንሆይን ምስል አስቀድሞ ነው የሚወጣው። ለጃንሆይ መቅረብ ደግሞ ማዕረግ ነው፤ በመጽሔት ላይ እንኳ ቢሆን። ስለዚህ የጋሽ ሰብስቤ ጥያቄ ለሁላችንም ተገቢ መሰለን። የሽፋኑ ጀርባ፣ ሁለተኛው ገጽ ሙሉውን የሳቸው ሆነ።

የጃንሆይን ምስል ከግድግዳ ካላንደር ላይ ገለበጥኩ። ጢማቸውን አንድ በአንድ፣ ፀጉር በፀጉር ነው የጫርኩት። ከዚያ ጋሽ ሰብስቤ የሰፉትን ታኬታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሣልኩ። ከሥሩ ያሉት ጥርሶች እንዲታዩ ትንሽ ዘንበል አደረግኩት። ጥርስ የሌለው ታኬታ ምኑን ታኬታ ነው? ረቂቁ ለሳንሱር ሲቀርብ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ወፍራም ወረቀት ላይ ስለነበር ያለ አንዳች እንከን ማህተም ተመታበት። ለሕትመቱ ግን ገጽ ለማብዛት ስንል ከገበያው እጅግ ስሱንና ርካሹን ወረቀት ገዛን።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ጭቃው ደርቆ መንገዱ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቅዳሜ ጠዋት ሙክታር የመጀመሪያውን ቅጂ በጥብጣብ አስሮ ቀራንዮ ወደሚኖሩት የቡድኑ የክብር ሊቀመንበር፣ ወደ ፊታውራሪ ቤት ወሰደው። የመጀመሪያ ቅጂ ለትልቅ ሰው መስጠት ወጉ ነው። ፊታውራሪ አርበኛ የነበሩ፣ ቁጣቸው ከሩቅ የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። በፊታቸው «ንጉሡ» ብሎ የተናገረ ሰው ቢኖር «ግርማዊነታቸው በል!» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲመቱ እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙክታር መጽሔቱን ለዘበኛቸው ሰጥቶ እያፏጨ ተመለሰ። ጨዋታው በማግስቱ እሑድ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ዘርግተን የቀሩትን ቅጠሎች ማያያዝ ጀመርን።

የጥቅምት ፀሐይ ደስ ትላለች። ጫፎቹ መገጣጠማቸውን ለማየት አንዱን መጽሔት ወደ ፀሐይዋ አነሣሁት፤ የጥልፍ ንድፍ እንደማነሣው ማለት ነው።  ጃንሆይ ሽፋኑ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ የጋሽ ሰብስቤ ታኬታ ግን ከጀርባ በኩል ዘልቆ ልክ አናታቸው ላይ ቆሟል። ጥርሶቹ ግንባራቸው ላይ ተተክለዋል።

«ሙክታር» አልኩ።  «ና እስቲ እይ።»

አየው። መጽሔቱን ነጥቆኝ ጥላ ውስጥ አደረገው። «ፀሐይ ላይ ስላነሣሽው ነው እንጂ አይታይም» አለ። እውነት ነው፣ በጥላ ውስጥ ጎልቶ አይታይም ነበር። አንዴ ካዩት በኋላ ግን ዓይን መልሶ መላልሶ ታኬታውን ይፈልገዋል፤ ሲፈልገውም ያገኘዋል።

እናታችን ከቤት ወጥታ በትከሻችን ላይ አየች። ማንበብ አትችልም፤ ይህን ግን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። «ያ ረቢ!» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥላም፣ «ጠዋት አንዱን ለማን ነው የሰጠኸው?» ስትል የሙክታር ፊት አመድ መሰለ። ስሙ ከነአባቱ መጽሔቱ ውስጥ አለ። በጃንሆይ ላይ መሳለቅ የሚያስከትለውን የማያውቅ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። እሱ ሥራውን አጥቶ ወህኒ ቢወርድ የእኔ ጽጌረዳዎች ሦስታችንን ሊያኖሩ አይችሉም።

መጽሔቱን ለማስመለስ ተነሣን። እናቴ «አብረሽው ሂጂ፤ ሴት ልጅ ካዩ ቁጣቸው ይበርድ ይሆናል» አለችኝ። በጋሪ እስከተወሰነ ቦታ ድረስ ሄድንና የቀረውን በባሕር ዛፉ መሀል በእግር ተያያዝነው። ከመንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባው አልረገፈም፤ ሴቶች የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ፤ ሽታው ሌላ ቀን ቢሆን ምራቄን ባስዋጠኝ ነበር። ሙክታር «የፊደል ግድፈት አለበት እንላቸዋለን» እያለ ይለማመዳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ከታሰርኩ የአራተኛ ክፍልን የፈተና ወረቀት ለዳይሬክተሩ አድርሺልኝ፤ አርሜ ጨርሻለሁ» አለኝ። ወላሂ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ፊታውራሪ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «ኑ፣ ግቡ ግቡ!» ብለው ወደ ሳሎን አስገቡን፤ ወደ ጓዳም ተጣርተው «የእስላም ልጆች ናቸው፣ ማርና ዳቦ አምጡላቸው!» አሉ። ማሩ ቀረበ። ሙክታር ዳቦውን ቆርሶ በእጁ ይዟል፤ ዓይኑ መጽሔቱን ፍለጋ ይዞራል። እኔ ግን ቀድሜ አየሁት። ግድግዳው ላይ፣ በመስተዋት ፍሬም ውስጥ፣ የእኛ ሽፋን ተሰቅሏል። ፊታውራሪ ምስሉን በመቀስ ቆርጠው አስፍረውታል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የጃንሆይን ምስል ከጋዜጣም ሆነ ከካላንደር ቆርጦ ይሰቅል ነበር።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሣላቸው?» አሉ።

«እኅቴ ነች፣ ፊታውራሪ» አለ ሙክታር።

«ይቺ? እጅሽ ይባረክ ልጄ። ጢማቸውን አሳምረሽዋል።»

ተነሥቼ ቀረብኩ። ታኬታው የለም! ጥቁር ካርቶን ከኋላ ተደግፎበት ጀርባው ድምጥማጡ ጠፍቷል። ስስ ጨርቅ ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ የጀርባው ንድፍ እንደሚሰወር እኔ መቼም አላጣውም፤ ሆኖም ያኔ የአላህ ሥራ ነው፣ ዕድል ነው ብዬ ብቻ አሰብኩ።  ለሙክታር በዓይኔ ምልክት ሰጠሁት፤ አልገባውም።

«ፊታውራሪ፣ ጥቂት ግድፈት ስላለበት ሌላ ልንለውጥልዎ ነበር የመጣነው» አለ ምስኪኑ።

«ግድፈት የሌለበት ማን አለ?» አሉና ሳቁ። «ይልቅ ማሩን ብላ።»

በላን። ተመርቀን ወጣን። ፊታውራሪ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ግቢው በር ሸኙን፤ ለእኛ ለልጆቹ ይህ የማይጠበቅ ክብር ነበር። ዘበኛው ፈቀቅ እስኪል ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለነገ የቀረውን ታደርሳላችሁ?»

«እናደርሳለን፣ ፊታውራሪ።»

«መልካም። የሰብስቤን ጫማ ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ አድርጉት። እዚያ ማንንም አይረግጥም።»

ይህን ብለው ዞረው ገቡ። 

ባሕር ዛፉ ዘንድ ስንደርስ ሙክታር መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። እኔንም ያዘኝ። ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ አላፊ አግዳሚው ያበድን መስሎት ያየን ነበር። ከዚያ ከሚጠብሱት ሴቶች እሸት ገዛንና አፋችንን እያቃጠለን በላን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ምግብ በልቻለሁ፤ እንደዚያ በቆሎ የጣመኝ ግን የለም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የሽፋኑንና የመጨረሻውን ቅጠል ከየመጽሔቱ አውጥተን በትምህርት ቤቱ ማሽን እንደገና ባባዛነው ተካን። ታኬታው ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ፤ ከጀርባው ያለው የጨዋታ መርሐ ግብር ነው፤ መርሐ ግብር ቢረገጥ የሚከስ የለም። ጋሽ ሰብስቤ እሑድ ሜዳ ላይ ሲያዩት «ከንጉሥ ጎን አውርዳችሁ ጭራ አደረጋችሁኝ!» ብለው አኮረፉ። ግን አንባቢ መጽሔት ሲይዝ የመጨረሻው ገጽ ወደ ውጭ ነው የሚዞረው። የሜዳው ዙሪያ በሙሉ ታኬታ በታኬታ ሆነ። ከእረፍት በኋላ ሰው ዋጋ ሲጠይቃቸው አየሁ፤ ኩርፊያቸውም እዚያው ቀረ።

የተበላሹት ሽፋኖች ነገር ግን አስቸገረን። የጃንሆይን ምስል መቅደድም ማቃጠልም የማይታሰብ ነው። እናቴ ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ቀበረቻቸው። ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ምስላቸው ቤት መገኘቱ ራሱ ጣጣ ሆነና አንድ ጠዋት ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።

ስለ ሰው ስናማ «አይቶ እንዳላየ አለፈ» እንላለን፤ ወቀሳ ነው። በኋላ በመጡት ዓመታት ያየውን ሁሉ የሚናገር፣ ያላየውንም የሚጨምር ሰው በዝቶ ሳይ ግን ፊታውራሪ ትዝ ይሉኝ ነበር። ጃንሆይን ከልባቸው ይወዱ ነበር፤ ቁጣቸውም የእውነት ነበር። ታኬታውን አይተው መቀስና ጥቁር ካርቶን አነሡ፤ ከዚያ ለእኛ ማር አስቀረቡ። ለማንም አልተናገሩም።

ሙክታር አስተማሪ እንደሆነ አርጅቶ ጡረታ ወጣ። ትላንት ደውሎ ስለተሸነፈው ቡድኑ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ በረኛው ድንዛዜ ጆሮዬ እስኪግል ነዘነዘኝ። ኳስ አልወድም፤ ከድሮም አልወድም። ግን ስልኩን አልዘጋሁበትም። እሱ ሲያማርር እኔ በልቤ አልሃምዱሊላህ እላለሁ።