ቀይቱ ላይ አታፍጥጥ

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ልደታ

ዘንድሮም ጥር ሲገባ የቀይቱን ኮከብ ድምቀት ልለካ ተነሳሁ። የዘንድሮው ልዩነት ብቻዬን መሆኔ ነው። ልደታ ማርያም ደጅ ጧፍ ሻጮቹ ገና ላስቲካቸውን እየዘረጉ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ጋሽ ተፈራ ግድግዳ እየዳበሱ በር ድረስ ሸኙኝ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። እኔ፣ ሽመልስ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። የተዋወቅነው ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ነው። ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር ሳመሳስል ቆመው አይተውኝ፣ ይሄ ዓይን ለሌላም ነገር ይሆናል አሉ። ከዚያ ወዲህ አስራ ስምንት ጥር አብረን ለክተናታል። ድሮማ ከግቢያቸው ሆነን እናያት ነበር፤ አሁን የፎቁ መብራት የት ያሳያል! ስለዚህ ከከተማ እንወጣለን። አምና የዓይን ግፊት የግራ ዓይናቸውን ወሰደው፤ ዘንድሮ ቀኙን ደገመ። ሐኪሞቹ አይመለስም ብለዋል።

ልኬታችንን የምንጽፍበትን ደብተር ሰጡኝ። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የኔ።

«የኔ ቦታ ባዶ ይቅር፤ እንዳትሞላልኝ» አሉ።

እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። አንድ ዓምድ ብቻ የሚጻፍበት ደብተር ከእንግዲህ የሁለታችን አይደለማ።

3 ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ታሪፉ ካምናው ጨምሯል፤ ወንበሩ ግን ያው የተቀደደው ነው። በመስኮቱ በኩል ሁልጊዜ ጋሽ ተፈራ ነበሩ የሚቀመጡት። ዛሬ አንዲት ወፈር ያሉ ሴትዮ ዘንቢላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ደብተሩን አይተው ምንድን ነው አሉኝ። የኮከብ ነው ስላቸው ዓይናቸው በራ፤ ኮከብ ቆጣሪ ነህ እንዴ ብለው የልጃቸው ኮከብ ከእጮኛዋ ጋር ይግጠም አይግጠም እንድነግራቸው የሁለቱንም ስም ከነእናታቸው ነገሩኝ።

ኧረ እኔ ድምቀት ነው የምለካው አልኳቸው። ነገሩ እንደ ክፍል ደረጃ ነው፤ አንደኛ ከአምስተኛ እንደሚበልጥ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል። ቀለሙ ደግሞ ሙቀቱን ይናገራል፤ ቀዩ ቀዝቃዛው ነው፣ ነጩና ሰማያዊው ትኩሱ። ይህን አላመኑኝም። እሳት ቀይ አይደል እንዴ አሉ። ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይቀላል፣ እየጋለ ሲሄድ ይነጣል ስላቸው ትንሽ አሰቡበት።

«ታዲያ የልጄን ነገር አታውቅም ማለት ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞረው እስከ ደብረ ብርሃን ተኙ። ጋሽ ተፈራ ቢኖሩ በሳቅ ይሞቱ ነበር። ዘወር ብዬ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

11 ሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን ማዶ

ሁልጊዜ የምናርፈው እትዬ አልማዝ ቤት ነው። የገብስ ቂጣ በአዋዜ አቀረቡልኝ። መደቡ ላይ ሁለት ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ጋሼስ?» አሉ ከኋላዬ እያዩ።

ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ጋቢ አንስተው በመጀመሪያው ላይ ደረቡልኝ፤ ብርዱ ለአንድ ሰው ይበዛል አሉ። እኔም ሰማዩን ልይ ብዬ አሳበብኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ያረጀ ሰው ሲያለቅስ አያምርም።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል፣ ሜዳው ላይ

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ኮከቧ ስሟ ቤቴልጁስ ነው፤ እኛ ቀይቱ እንላታለን። ድምቀቷ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ እኛም የምንከታተለው እሱን ነው። የምንለካት ደግሞ ድምቀታቸው ከሚታወቅ ሁለት ጎረቤቶቿ ጋር እያስተያየን ነው። አንደኛው ዜሮ ነጥብ አራት፣ ሌላኛው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ከደብዛዛው ምን ያህል ትበልጣለች፣ ከደማቁ ምን ያህል ታንሳለች እያልን በመሃል ቦታ እንፈልግላታለን።

ጋሽ ተፈራ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሁለታችንም ሳንጽፍ ቁጥር በአፍ አይወጣም፤ ቁጥር የሰማ ዓይን ያንኑ ያያል ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ ቀይ ኮከብ ላይ ማፍጠጥ ክልክል ነው። ባፈጠጥክባት ቁጥር እየደመቀች የምትሄድ ይመስልሃል፤ የሚያታልልህ የገዛ ዓይንህ ነው። አየት አድርገህ ወደ ጎረቤቶቿ ሂድ፣ ተመለስ።

ከቀኜ የሳቸውን ሳል ጠበቅኩ። ልማድ ክፉ ነው። ጭው ያለ ሜዳ፣ ነፋስ፣ እኔ። ቀና ብዬ ቀይቱን አየኋት፤ ከዚያ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም። ስጽፍ ዜሮ ነጥብ ሁለት ጻፍኩ።

እርሳሴ ባዶው ዓምድ ላይ ሄዶ ቆመ። እዚያ ዜሮ ነጥብ ሦስት ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ደብተሩም የሁለታችን ሆኖ ይቀጥላል። እግዜር ይመስገን፣ እጄ እምቢ አለኝ። ደብተሩን ዘግቼ ገባሁ።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት፣ ልደታ

ሜክሲኮ ላይ ያለው የታክሲ ሰልፍ አሰልችቶኝ በእግሬ መጣሁ። ጋሽ ተፈራ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ኮቴዬን ለዩት።

«ስንት አልካት?»

በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ የራሳቸውን ሳይጽፉ የኔን ቁጥር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«ዜሮ ነጥብ ሁለት።»

ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ ሁለት ይላሉ።

«ከሁለቱም ጎረቤቶቿ አስበለጥካት? አፍጥጠህባታል» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ስንቴ ነገርኩህ? ለምን?»

«ሌላ የማየው አልነበረኝም።»

ደብተሩን አምጣ አሉኝ፤ አምጥቼ ጣታቸውን ያዝኩና ባዶው ቦታ ላይ አሳረፍኩላቸው።

«እዚህ ጋ ጻፍ። ሽመልስ አፍጥጦባታል፤ ቁጥሩ አይታመንም።»

የታዘዝኩትን ቃል በቃል ጻፍኩ። እርሳሱን ተቀብለውኝ ከሥሩ ፈረሙ። ፊርማቸው መስመሩን አልፎ የኔ ዓምድ ውስጥ ገባ።